የቲቪ ጥያቄዎቻችሁ፦ ስለ «ፋየርፍላይ» የጻፋችሁልኝ

ባለፈው ወር እዚህ ገጽ ላይ ሳይጠግቡ ስለተቋረጡ ተከታታይ ድራማዎች ስጽፍ «ፋየርፍላይ»ን በሁለት መስመር ጠቅሼ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እሱ ናቸው። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለእሱ ለቅቄያለሁ። የምወደው ሥራ ስለሆነ በደስታ ነው ያደረግኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ዘመኑ 2517 ነው። ሰው ምድርን ለቅቆ ሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሰፍሯል። መሀል ያሉት ፕላኔቶች ሀብታም ናቸው፤ የሚገዛቸውም «አላያንስ» የሚባል ኃይለኛ መንግሥት ነው። ዳር ዳሩን ያሉት ድሆች ናቸው። እዚያ ሰው በፈረስ ይሄዳል፣ ከብት ይነዳል፣ ሽጉጥ ይታጠቃል። ማልኮም ሬይኖልድስ፣ ባጭሩ ማል፣ ከአላያንስ ጋር ተዋግቶ የተሸነፈ ሳጅን ነው። ወገኖቹ ያለቁበት ሸለቆ ስሙ ሰረኒቲ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንዲት አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ገዝቶ በዚያ ሸለቆ ስም ጠራት። እሱን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ውስጧ ይኖራሉ። ያገኙትን ይጭናሉ፣ ኮንትሮባንድም ቢሆን። እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠኝ። ክፍሎቹ ስም እንጂ ቁጥር የላቸውም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ ሁለት የተለያየ ቅደም ተከተል አገኘሁ። በየትኛው ልየው? (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ እንኳን ሳትጀምረው ጠየቅከኝ። «ሰረኒቲ» የሚለውን ፋይል ክፈትና ከእሱ ጀምር። ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ በዚያ ትለየዋለህ። ቀጥሎ እንዲህ ሂድ፦ ዘ ትሬይን ጆብ፣ ቡሽዋክድ፣ ሺንዲግ፣ ሴፍ፣ አወር ሚስስ ሬይኖልድስ፣ ጄይንስታውን፣ አውት ኦፍ ጋዝ፣ ኤሪየል፣ ዎር ስቶሪስ፣ ትራሽ፣ ዘ ሜሴጅ፣ ሃርት ኦፍ ጎልድ፣ ኦብጀክትስ ኢን ስፔስ። አሥራ አራቱም እነዚህ ናቸው። የድራማው ፈጣሪ ጆስ ዊደን ያሰበው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ዲቪዲው ላይም በዚሁ መሠረት ነው የተቀመጡት።

ሁለተኛው ዝርዝር በቴሌቪዥን የተላለፈበት ነው። ፎክስ ጣቢያ የመክፈቻውን ክፍል ሲያየው አልወደደውም፤ ቀዝቃዛ ሆነበት። ሌላ መክፈቻ ጠየቀ። ዊደንና የሥራ ባልደረባው ጸሐፊ ቲም ሚኒር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብለው «ዘ ትሬይን ጆብ»ን ጻፉ። ድራማው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2002 በዚያ ተጀመረ። እውነተኛው መክፈቻ የታየው ዲሴምበር 20 ነው፤ ያኔ ደግሞ ድራማው ተዘግቷል። ሰዎቹ እንዴት እንደተገናኙ ተመልካቹ የተነገረው መጨረሻ ላይ ነበር ማለት ነው።

ምን እንደቀረባቸው አንድ ነገር ልንገርህ። በመክፈቻው ክፍል ቡክ የሚባል የሃይማኖት ሰው ለመሳፈር ሲመጣ ከገንዘቡ ጋር አንዲት ትንሽ ሣጥን ይሰጣል። ሞተሩን የምትጠግነው ኬይሊ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ፊቷ ይበራል። ውስጡ እንጆሪ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚበሉት የታሸገ ፕሮቲን ነው። በኋላ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ ስትነክሳት ታያለህ። ማንም ምንም አይናገርም። ድህነታቸውንም፣ የኬይሊን ልብም በዚያች ንክሻ ታውቃለህ። በ2002 ድራማውን በየሳምንቱ የተከታተለ ሰው ግን ኬይሊን ያለዚህች እንጆሪ ነው የተዋወቃት።

ባለቤቴ በየዓመቱ እንደ አዲስ ያየዋል። ከጓደኞቹ ጋር ሲገናኝም ወሬያቸው እሱ ነው። አሥራ አራት ክፍል ብቻ ያለው ነገር ይህን ያህል የሚወደደው ምኑ ነው? አብሬው አይቼ አንድም ጊዜ አልጨረስኩትም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ምናልባት ባለቤትሽ የጀመረልሽ ከተኩሱ ይሆናል። ተኩሱ ደህና ነው፤ ግን ሰው የሚመለሰው ለእሱ አይደለም። አንድ ምሽት ስጪኝና «አውት ኦፍ ጋዝ»ን ብቻውን እዪው። የጻፈው ቲም ሚኒር ነው። በእኔ አስተያየት ከአሥራ አራቱ አንደኛ እሱ ነው።

ሲከፈት መንኮራኩሯ ባዶ ናት። መተላለፊያው ባዶ፣ ምግብ ቤቱ ባዶ። ማል ብቻውን ይመጣና ወለሉ ላይ ይወድቃል። ሆዱ ይደማል። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሐኪሙ የሳይመን ልደት ነው፤ ማዕድ ላይ ተሰብስበው ይሳሳቃሉ፣ ኬይሊ ኬክ አዘጋጅታለች። በዚያ መሀል ሞተር ክፍሉ ይፈነዳል። አንድ ዕቃ ተሰብሯል፤ መለዋወጫ የለም። አየሩ የሚበቃው ለጥቂት ሰዓት ነው። ማል ሰዎቹን በሁለቱ ትንንሽ ጀልባ መሰል በራሪዎች ከፋፍሎ ይልካቸዋል። እሱ ይቀራል። ዕርዳታ የሚሰጥ ቢመጣ መመለሻውን ቁልፍ ተጭኖ ሊጠራቸው ነው።

በዚህ መሀል ሦስተኛ ታሪክ ይገባል፤ እያንዳንዳቸው ወደ መንኮራኩሯ እንዴት እንደመጡ። ዋሽ ሾፌር ሆኖ ሲቀጠር፣ ኬይሊ ሌላ ሰው ያቃተውን ሞተር ብልሽቱን በአንድ አፍታ ስታገኘው፣ ጄይን ለተሻለ ድርሻና ለራሱ ክፍል ሲል ጎኑን ሲቀይር። የድሮው ሞቅ ባለ ቀለም ነው የተቀረጸው፤ የአሁኑ ቀዝቃዛና ሰማያዊ ነው። ስለዚህ አትምታቺም።

ሌላ መርከብ ይመጣል። ዕቃውን ሊሸጡለት ተስማምተው ይተኩሱበታል። እሱም ሽጉጥ አውጥቶ ያባርራቸዋል፤ ዕቃው ይቀርለታል። ደሙ እየፈሰሰ እየተጎተተ ሞተር ክፍል ይደርሳል፣ ይገጥመዋል፣ ሞተሩ ይነሣል። መጥሪያው ቁልፍ ጋ ሲደርስ ግን ይወድቃል። እጁ አልደረሰም። ሲነቃ አልጋ ላይ ነው፤ ሁሉም ከበውታል። ሳይጠራቸው ተመልሰዋል። ትእዛዙን የጣሰችው ዞዪ ናት፤ ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ትእዛዙን ስታከብር የኖረችው ሴት።

የመጨረሻው ትዕይንት የዕቃ መሸጫ ግቢ ነው። ሻጩ አንዱን መንኮራኩር እያሞገሰ ይለፈልፋል። ማል አይሰማውም። ጥግ ላይ የተጣለችውን ሌላዋን እያየ ነው።

ባለቤትሽ የሚመለሰው ወደዚህ ይመስለኛል። ማንም ማንንም «እወድሃለሁ» አይልም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ቤተሰብ መሆናቸውን የሚጠራጠር ተመልካች የለም። ታሪኩ ባዕድ ፍጡር የለበትም፣ ዓለምን የሚያድን ጀግናም የለበትም። የተሸነፉ ሰዎች ነገን የሚኖሩበትን ብር ይፈልጋሉ፤ በቃ። እኔ ዲቪዲውን ያገኘሁት ወንድሜ ከዳላስ ይዞልኝ መጥቶ ነው። ይህን ክፍል ካየሁ በኋላ የቀሩትን ለማየት ቸኩዬ አላውቅም፤ እንዳያልቁብኝ።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ዘጉት? (ከድሬዳዋ)

ተመልካች አነሰ። በአማካይ 4.7 ሚሊዮን ሰው ነበር የሚያየው፤ ለትልቅ የአሜሪካ ጣቢያ በዚያን ጊዜ ይህ ጥቂት ነው። ግን ለምን አነሰ? ዓርብ ማታ ነው የተመደበለት፤ የሚያየው ወጣት ደጅ በሚያመሽበት ሰዓት። ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቋል። በኦክቶበር ደግሞ ቤዝቦል ቦታውን ስለወሰደበት የተዘለለ ሳምንት አለ። ማስታወቂያውም ቀልድ የበዛበት ሌላ ድራማ አስመስሎት ነበር። ከ14ቱ 11ዱን ካስተላለፉ በኋላ አቆሙት። አፍቃሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው «ቫራይቲ» በሚባለው የፊልም ኢንዱስትሪ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። አልሆነም። ጣቢያውን ጥፋተኛ የምለው ሰው ስላላየው አይደለም። ሰው ሊያየው በሚችልበት መንገድ ሳያቀርበው ስለፈረደበት ነው።

በዲሴምበር 2003 ዲቪዲው ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቅደም ተከተል አየው፤ ለጓደኛው አዋሰው፤ ጓደኛውም ገዛ። ራሳቸውን «ብራውንኮትስ» የሚሉት አፍቃሪዎች የበዙት ያኔ ነው። ስሙ የተወሰደው በታሪኩ ውስጥ የማል ወገን ወታደሮች ከሚለብሱት ቡናማ ካፖርት ነው።

ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ማየት ይቻላል? (ከአዳማ)

አይቻልም። «ዎር ስቶሪስ» ላይ ከባድ የማሰቃየት ትዕይንት አለ። ከዘጠኙ አንዷ ኢናራም በሥራዋ ለገንዘብ ከደንበኞች ጋር የምትተኛ ሴት ናት፤ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርም። ጥቂት ዓመታት ይጠብቁ።

ቻይና ተምሬ ነው የመጣሁት። ተዋንያኑ ሲናደዱ በቻይንኛ ይሳደባሉ፤ አነጋገራቸው ለጆሮ ይከብዳል። ግን አንድም ቻይናዊ ከዋነኞቹ መሀል የለም። ይህ አያናድድም? (ከአዲስ አበባ)

ያናድዳል፣ ልክ ነህ። የድራማው ሐሳብ አሜሪካና ቻይና ኃያላን ሆነው ሰውን ወደ ጠፈር ወሰዱ፤ ስለዚህ ባህላቸው ተቀላቀለ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ጽሑፉ፣ ልብሱ፣ በሹካ ምትክ በእንጨት መብላቱ አለ። ሰዎቹ ግን የሉም። ሳይመንና እህቱ ሪቨር የቤተሰብ ስማቸው ታም ነው፤ የሚጫወቷቸው ግን ነጭ ተዋንያን ናቸው። ብዙ አፍቃሪዎችም ለዓመታት ይህን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ድራማውን ስለሚወዱት ዝም አላሉም። እኔም «በጊዜው እንዲህ ነበር» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። አነጋገራቸው ለቻይንኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚከብድ መሆኑን የጻፍከውንም አምንሃለሁ።

የጄይንን ኮፍያ ለልጄ ልሠራለት እፈልጋለሁ። ቀለሙ እንዴት ነው? (ከባሕር ዳር)

በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ኮፍያው «ዘ ሜሴጅ» ላይ ነው ያለው። ጄይን ከሁሉም ሸካራው፣ ለገንዘብ ሲል ወዳጁን የሚሸጥ ሰው ነው። እናቱ በፖስታ የላኩለትን የክር ኮፍያ አጥልቆ እንደ ሕፃን ይኩራራል። ክሩ ወፈር ያለ ነው፤ ብርቱካናማና ቢጫ፣ ጆሮ የሚሸፍን ክንፍ ያለው፣ አናቱ ላይ የክር ኳስ። ሲሠሩት አያስተካክሉት። የጄይን እናት የሠሩት የተጣራ አይደለም፤ ያማረበትም ለዚያ ነው።

ይህ ክፍል በመጨረሻ የተቀረጸው ነው። ተዋንያኑና ሠራተኞቹ ድራማው መዘጋቱን ሰምተው ነበር። መጨረሻው ላይ በበረዶ ውስጥ ቀብር አለ። የሙዚቃ ደራሲው ግሬግ ኤድመንሰን ያንን ዜማ የሠራው ለድራማው ስንብት ነው። ኮፍያውን ሊያዩ ሲከፍቱት እስከ መጨረሻው ይቆዩ።

ፊልሙን ከድራማው በፊት ባየው ችግር አለው? ደግሞስ ለምን ሁለተኛ ፊልም አልተሠራም? (ከፍራንክፈርት)

አለው፤ እባክህ እንዳታደርገው። በ2005 የወጣው «ሰረኒቲ» የሚባለው ፊልም የድራማውን ትልቅ ምስጢር ይፈታል፤ የሪቨርን ምስጢር። ደግሞ ሞት አለበት። ማን እንደሚሞት አልነግርህም። አሥራ አራቱን ክፍል ከእነሱ ጋር ሳትኖር ብታየው ግን ሞቱ ምንም አይመስልህም። ስሙ ከድራማው መክፈቻ ክፍል ጋር አንድ ስለሆነ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይተህ ክፈት። መክፈቻው በጦር ሜዳ ይጀምራል።

ፊልሙ መሠራቱ በራሱ የአፍቃሪዎቹ ውጤት ነው፤ ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ስቱዲዮ ገንዘብ ያወጣው ዲቪዲው በመሸጡ ነው። ወጪው 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በመላው ዓለም ያስገባው ደግሞ 40 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ለስቱዲዮው ኪሣራ ነው። በ2006 የሳይንስ ልቦለድ ዓለም የሚያከብረውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል፤ ሁለተኛ ፊልም ግን ሽልማት ብቻውን አያሠራም።

ታሪኩ የቀጠለው በሥዕላዊ መጻሕፍት ነው። ዳርክ ሆርስ ለዓመታት ካሳተማቸው በኋላ በ2018 ቡም ስቱዲዮስ ተረከበው። መጀመር ከፈለግክ «ዞዝ ሌፍት ቢሃይንድ» የሚለውን ፈልግ። በድራማውና በፊልሙ መሀል ያለውን ጊዜ የሚሞላ አጭር ታሪክ ነው። ስለዚህ የምታነበው «ኦብጀክትስ ኢን ስፔስ»ን ካየህ በኋላ፣ ፊልሙን ከመክፈትህ በፊት ነው።