«በዝናብ ያስወጡብኛል!»፦ የስኮትላንድ ክረምትና የልጆቻችን ትምህርት ቤት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከስኮትላንድ ናቸው። ያውም ሐበሻ ከሚበዛበት ከግላስጎው ሳይሆን፣ ሥራ አግኝተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሃይላንድ ትናንሽ መንደሮች ከዘለቁ ወላጆች። ቃሉ ራሱ መጀመሪያ ያምታታል። እኛ አገር ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ትምህርት ተዘግቶ ልጅ ቤት የሚውልበት። እዚያ ግን ትምህርት በኦገስት አጋማሽ ይከፈትና ዋናው ሥራ የሚሠራው በጨለማዎቹ ወራት ነው። እኔም ሁለት ልጆቼን እዚያው አካባቢ፣ ተማሪው 50 እንኳ በማይሞላ ትምህርት ቤት ስላስተማርኩ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ፕራይመሪ 2። ከግላስጎው ከመጣን ገና ሦስት ወራችን ነው። ባለፈው ሳምንት ልወስደው ስሄድ በካፊያ፣ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለለ አገኘሁት። መምህርቷ ደግሞ አጠገቡ ቆማ ትስቃለች! ብርድ ቢመታውስ? ትንሽ ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚጥሉት? ዳይሬክተሯን ላናግር ወይስ ዝም ልበል? — እናት፣ ከሃይላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ተቆጥቼ ሄጃለሁ። ጃንጥላ ይዤ! በዚያ ንፋስ ጃንጥላ የሚይዝ እንግዳ ብቻ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ጥለውት አይደለም። እዚያ ካፊያ ዝናብ አይባልም። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አመድ መስሎ ሲያረጥብ የሚሉት ቃል አላቸው፣ «ድሪኽ»። የመጨረሻዋን ድምፅ እንግሊዞች ሲቸገሩባት ትግርኛ ሲሰማ ያደገ ልጅ ግን አንዴ ሰምቶ ይላታል፣ ልክ የሐይቁን ስም «ሎኽ ኔስ» እንደሚለው። ታዲያ «ድሪኽ» በሆነ ቁጥር ልጆቹን ክፍል ውስጥ ይዝጉ ቢባል ከኖቬምበር እስከ ማርች ማንም ውጭ አይወጣም። ዶፍ ሲወርድ ወይም ማዕበል ሲኖር ግን ውስጥ ነው የሚያሳልፉት፣ ያን ጊዜ ጨዋታው ክፍል ውስጥ ይሆናል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልጆቹን በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ውጭ ያስሮጣሉ። «ዴይሊ ማይል» ይሉታል። በፈረንጆቹ 2012 ስተርሊንግ ከተማ ውስጥ ኢሌን ዋይሊ የምትባል የአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህርት የጀመረችው ነገር ነው፣ ዛሬ ብዙ አገር ተዳርሷል። የስፖርት ልብስ እንኳ አይቀየርም፣ በለበሱት ይሮጣሉ።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ልብሱ ነው። ወፍራም ጃኬት ገዝተሽለታል፣ አልጠራጠርም። ግን ውሃ የሚመጥ ወፍራም ጃኬት ከስስ የዝናብ ጃኬት የባሰ ነው፣ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ይውላል። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከላይ የሚደረብ ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ የጎማ ቦት። ክፍል ውስጥ የሚያደርጋት ቀላል ጫማ እዚያው ትቀመጣለች። ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ካልሲና ትርፍ ሱሪ ክተቺ። ሁሉም ላይ ስሙን ጻፊ። የእኔ ትልቁ ልጅ በአንድ ክረምት አራት ጓንት ጠፍቶበታል፣ አራቱም ግራው ብቻ! ወጪው ከከበደሽ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የሚሰጠው የትምህርት ቤት ልብስ ድጎማ አለ፣ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ቢያንስ 120 ፓውንድ። ማመልከት አያሳፍርም።

ጨለማውን በተመለከተ፣ በሃይላንዷ ከተማ በኢንቨርነስ አካባቢ በዲሴምበር መጨረሻ የሚነጋው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ 9 ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይ ጠልቃለች። ልጅሽ በጨለማ ሄዶ በድንግዝግዝ ነው የሚመለሰው። ከጃኬቱ በላይ አንጸባራቂ ሰደርያ አልብሺው። ሌላው ቫይታሚን ዲ ነው። የስኮትላንድ ጤና አገልግሎት ከ5 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሁሉ በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ ይመክራል፣ በተለይ ከኦክቶበር እስከ ማርች። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚለው። እንክብሉ ርካሽ ነው፣ አንቺም ውሰጂ።

ዳይሬክተሯን ግን አናግሪያት። ለመክሰስ ሳይሆን ለመተዋወቅ። በትንሽ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርቷ ራሷ ክፍል ገብታ የምታስተምር ናት፣ ጠዋት በር ላይ ቆማ የምትቀበልም እሷው ናት። ቀጠሮ ምናምን ሳትይ እዚያው በር ላይ ታገኛታለሽ። እኔ አኩርፌ ሁለት ወር ሳላናግር ቆይቼ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን በልጄ ቦርሳ ወረቀት መጣ፣ ለነገ «ፕሌይ ፒስ» ይያዝ ይላል። ፕሌይ ጨዋታ፣ ፒስ ቁራጭ። እኔም የጨዋታ ዕቃ መስሎኝ ትንሽ መኪና ጨመርኩለት። ለካ በስኮትላንድ «ፒስ» ማለት ሳንድዊች ነው፣ «ፕሌይ ፒስ» ደግሞ የጠዋት እረፍት መክሰስ! ልጄ በረሃብ መኪናውን ሲነዳ ዋለ። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ፕራይመሪ 3 መግባት ሲገባት ከፕራይመሪ 1 እና 2 ሕፃናት ጋር አንድ ክፍል አስቀመጧት። እንግሊዝኛዋ ደካማ ስለሆነ አስደገሟት ማለት ነው? በጣም ነው ያዘንኩት። — አባት

መልስ፦ አላስደገሟትም፣ ወንድሜ። በስኮትላንድ ልጅ ወድቆ ክፍል መድገም የሚባል ነገር የተለመደ አይደለም። ይህ «ኮምፖዚት ክፍል» ይባላል፣ ተማሪ ሲያንስ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን በአንድ መምህር ሥር ማስተማር ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ከ25 ልጅ በላይ አይቀመጥም፣ በተራ የፕራይመሪ 4 ክፍል ግን እስከ 33 ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅህ ፕራይመሪ 3 ናት፣ በመዝገብም በሥራም። መምህሩ በንባብና በሒሳብ በየደረጃቸው ከፋፍሎ ነው የሚያስተምራቸው። እንዲያውም ለታናናሾቹ ስታነብላቸው እንግሊዝኛዋ ምን ያህል እንደሚፈታ ታያለህ። የቋንቋ ድጋፍ መምህር ከካውንስሉ እንዲመጣላት ግን ጠይቅ፣ በትንሽ ትምህርት ቤት በየቀኑ አይገኝም፣ እየዞረ ነው የሚያስተምረው። በቤት ደግሞ በአማርኛ አውራት። እባክህ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አታውራት።

ጥያቄ፦ በዲሴምበር ትምህርት ቤቱ «የክሪስማስ ምሳ» አዘጋጅቷል፣ ተርኪ ምናምን። እኛ ግን ጾም ላይ ነን። ልጆቼ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። ከልጆች ተለይተው ይቀመጡ? ገናስ? — ወለተ ማርያም ነኝ፣ ኢንቨርነስ አካባቢ

መልስ፦ ይሄ በየዓመቱ ይመጣል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ የእነሱ ድግስ ሁሉ ጾሙ መሐል ነው የሚውለው። የ5 ዓመቱን ተይው ይብላ፣ ከ7 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ለ9 ዓመቷ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ትጹም ካልሽ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ «ቬጂቴሪያን» ብለሽ አትጻፊ። ቬጂቴሪያን ማለት ሥጋ የለም እንጂ ወተት፣ ቺዝና እንቁላል አለበት። «ቪጋን» በያቸው፣ ከጾማችን ጋር የሚቀርበው እሱ ነው። ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው፣ ትንሽ ወጥ ቤት ስለሆነ በዕለቱ ጠዋት ቢነገረው ግራ ይገባዋል። ምሳው ራሱ ከፕራይመሪ 1 እስከ 5 ላሉ ልጆች ሁሉ በነጻ ነው፣ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። እና አትለያቸው! ያቺን የክሪስማስ ምሳ የወረቀት ዘውድ ደፍተው ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጡ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ድንችና ካሮት ቢሆንም።

ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ትምህርት ብዙ ጊዜ በዚያው ሳምንት ይከፈታል። ለሃይማኖት በዓል መቅረት በፈቃድ እንደቀሩ ነው የሚመዘገበው፣ ዝም ብለሽ አታስቀሪያቸው እንጂ አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ። የእኔዎቹ መምህርት ይህን ስትሰማ በማግስቱ ልጆቼን ስለ ገና ጨዋታና ስለ ድፎ ዳቦ እንዲያወሩ አድርጋለች። በነገራችን ላይ፣ ድፎውን ራሴ ይዤ ሄጄ አንድም ፍርፋሪ አልተረፈም።

አንድ ሌላ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። በመኸሩ ወራት የጉንፋን ክትባት ፈቃድ ወረቀት በልጆቹ ቦርሳ ይመጣል። ክትባቱ በአፍንጫ የሚነፋ ነው፣ ውስጡ ከአሳማ የሚሠራ ጄላቲን አለበት። የአሳማ ነገር የማትፈልጉ፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ ክትባቱን ከነጭራሹ እንቢ አትበሉ። ከጄላቲን ነጻ የሆነው በመርፌ የሚሰጠው ስላለ እሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ሳለ ለጃንዋሪ ግጥም በቃሉ አጥና ተባለ። ግጥሙን በመዝገበ ቃላት ብፈልገው ግማሹ የለም! ስህተት ነው ወይስ ሌላ ቋንቋ ነው? — ግራ የገባው አባት

መልስ፦ ሌላ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። ስኮትስ ይባላል። ጃንዋሪ 25 የገጣሚው የሮበርት በርንስ ልደት ነው፣ በ1759 በአሎዌይ የተወለደ። ትምህርት ቤቶች በዚያ ሰሞን ልጆችን የስኮትስ ግጥም በቃል ያስጠናሉ፣ ያወዳድራሉም። «ዊ» ማለት ትንሽ፣ «ቤርን» ልጅ፣ «ኬን» ማወቅ ነው። አትፍራ፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ልጅ እንግዳ ነው፣ ስለዚህ ልጅህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይጀምራል። እኔ ከውድድሮቹ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ሴት ልጄ ቅኔ እንደምትቀኝ ዲያቆን ቆማ ስትወጣው አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ «የኛ ልጅ» አለቻት።

በዕለቱ ሃጊስ ይበላሉ፣ ከድንችና ከቀይ ሥር መሰል ሥር ጋር። ቀይ ሥር አይደለም፣ ቢጫ ነው፣ «ኒፕስ» ይሉታል። ሃጊስ ምንድን ነው ብለህ ትጨነቅ ይሆናል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ በአጃ፣ በሽንኩርትና በቅመም ተለውሶ የሚቀቀል ነው። ዱለት ነዋ! ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው። ፈረንጆቹ ልጆች አፍንጫቸውን ሲይዙ የእኛዎቹ ድገሙን አሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ሐላል ካልሆነ፣ ሥጋ የሌለው ሃጊስም አለ። ከምሳ በኋላ «ኬሊ» የሚባለውን ጭፈራ ይጨፍራሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሳምንታት ሲለማመዱት ይከርማሉ። ወላጅ ከተጠራ ሂድ፣ እግርህ ቢሳሳት ማንም አያይህም፣ ሁሉም ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼ ስደውልላቸው ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ቀኑስ የት ገባ? በረዶ ሲሆንስ እንዴት ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት? — እማማ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እማማ፣ እንደምን አሉ? ቀኑ ወደ በጋው ሄዶ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፣ እነሱ ያሉበት 57 ገደማ ነው። ለዚህ ነው በዲሴምበር ፀሐይዋ ብቅ ብላ የምትጠልቀው። በጁን ደግሞ ልጆቹ በብርሃን አንተኛም ብለው እናታቸውን ያስለቅሳሉ፣ ያኔም ይደውሉ። በረዶ ሲበዛ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ጠዋት በኢንተርኔትና በአካባቢ ሬዲዮ ይነገራል። መንገዱ ላይ ጨው የሚበትኑ ትልልቅ መኪኖች አሉ፣ ለየመኪናው ስም አውጥተውለታል፣ አንዱ በዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስ ላይ ቀልደው «ግሪትኒ ስፒርስ» ያሉት ነው። ልጆቹ በስልክ ካርታ ላይ የትኛው የት እንደደረሰ ይከታተሉታል። ሲደውሉ ስለ መኪኖቹ ይጠይቋቸው፣ ስልኩን አይዘጉልዎትም።