ድንጋዬ ላይ የወጣው ነገር ኮራል ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጨው ውኃ አኳሪየም ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። ላይቭ ሮኩ (ሕይወት ያላቸው ነገሮች ያሉበት የባሕር ድንጋይ) ሲገባ ባዶ ድንጋይ ነበር የሚመስለው። አሁን ግን ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ክብ ነገር ወጥታለች። መሃሏ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ስነካት ጠጣር ናት። አጠገቧ ወይን ጠጅ ቅርፊት እየተስፋፋ ነው። ከሥር ካለው ቀዳዳ ደግሞ ትንሽ አበባ የመሰለ ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ ጓደኛዬ “ቆሻሻ ነው፣ በብሩሽ ፈግፍጊው” አለኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ከሦስቱ ኮራል የቱ ነው? በሕይወትስ አለ?
ብሩሽ የያዝኩት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ብሩሹን አስቀምጪው። ኮራል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ ቆሻሻ አይደለም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ የእኔም ነገር እንደዚያ ነው። በጀማሪነቴ አንዲት ቡናማ ነገር አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅ መሰል ነገር) መስላኝ በቢላ ፋቅኳት። ከሥሯ ነጭ፣ ኮከብ የመሰለ የኮራል አጽም ጽዋ ሲወጣ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። ይባስ ብሎ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ የነበረች አበባ የመሰለች ነገር ኮራል ናት ብዬ ሁለት ወር ሙሉ የተፈጨ ሽሪምፕ በጠብታ አጎረስኳት። አይፕታሲያ ነበረች። ኮራሉን ገድዬ አረሙን ቀለብኩ ማለት ነው።

ያንቺም “አበባ” አይፕታሲያ ይመስለኛል። ቡናማ ሆና ብርሃን የምታሳልፍ፣ ረጅም ለስላሳ አንገትና ሹል ሹል ጫፍ ያላቸው ቀጫጭን እጆች ያሏት የአኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ዓይነት ናት። በጠብታ መስጫ ውኃ እፍ በይባት። ዓይንሽን ሳትከድኚ ቀዳዳዋ ውስጥ እልም ካለች እሷው ናት። ኮራልም ሲነኩት ይሰበሰባል፤ ግን ብዙ ጊዜ ረጋ ብሎ ነው፤ ጠንካራው ዓይነት ደግሞ ቢሰበሰብም ጽዋው እዚያው ይታያል። አይፕታሲያ አጽም የላትም። ታዲያ እንዳትቆርጫት! ከእግሯ የቀረች ቁራጭ ሌላ አይፕታሲያ ትሆናለች። ፓምፑን አጥፍተሽ በውኃ የተለወሰ ወፍራም ኖራ በሲሪንጅ አፏ ላይ ጠብ አድርጊባት። ቤርጊያ የምትባል ትንሽ ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ አይፕታሲያ ብቻ ነው የምትበላው፤ እሷን ካገኘሽ ግልግል ነው።

ወይን ጠጁ ቅርፊት ኮራል አይደለም። ካልሲየም ካርቦኔት እየጋገረ የሚያድግ ቀይ አልጌ ነው። አፍ የለው፣ እጅ የለው። ግን ደስ ይበልሽ፣ ውኃሽ እየተስተካከለ ነው ማለት ነው። መስታወቱም ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ክቧ እንምጣ። ቡናማ መሆኗ አያስደንግጥሽ። የብዙ ኮራል ቡናማነት ሥጋው ውስጥ አብረውት ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች የሚመጣ ነው። ምግቡን በአብዛኛው የሚያበስሉለትም እነሱ ናቸው። በአጉሊ መነጽር እይዋት። ከመሃል ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የተዘረጉ ስስ ግድግዳዎች አሏት? መሃሏ ላይ እንደ ስንጥቅ ያለ አፍ አለ? ካለ ነገሩ ወደ ኮራል እያጋደለ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ላይቭ ሮክ ራሱ በአብዛኛው የጥንት ኮራል አጽም ነው። የኮከብ ቅርጽ ያየ ጀማሪ ሁሉ “ኮራል አገኘሁ!” ይላል፤ ያየው ግን መቃብሩን ነው። ስለዚህ ቅርጹ ብቻ አይበቃም፣ ሥጋውን ፈልጊ። በሕይወት ያለ ኮራል አጽሙን የሚያለብስ ቀለም ያለው ስስ ሥጋ አለው። ሲሞት ሥጋው ይገፈፍና ነጩ አጽም ስለት እንዳለው ሆኖ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ይወርሰዋል። ነጭ ሁሉ ሞቷል ማለት ግን አይደለም። አልጌዎቹን ያጣ ኮራል ሥጋው ሳይሞት ሊነጣ ይችላል።

ዋናው ፈተና ሌሊት ነው። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪሽን በቀይ ላስቲክ ሸፍነሽ ቀስ ብለሽ ጠጊ። ብዙ ኮራሎች ቀን ተኮራምተው ውለው ማታ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እጆቹን ቁጠሪ። በጠንካራው ኮራል አብዛኛውን ጊዜ የ6 ብዜት ናቸው። ለስላሳው ኮራል ከሆነ ልክ 8 ናቸው፣ እያንዳንዱም ዳርና ዳሩ እንደ ላባ ነው። ከዚያ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ምግብ ጣል አድርጊባት። እጆቹ ይዘው ወደ አፍ ከወሰዱ ጥያቄሽ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሌሊት ባይሳካ ተስፋ አትቁረጪ፤ እኔ አንዷን ያየኋት በአምስተኛው ሌሊት ነው።

በነገራችን ላይ በመጠራጠርሽ አትፈሪ። ፔይሶኔል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኮራል “አበቦች” እንስሳት ናቸው ቢል፣ የጊዜው ሊቃውንት ዕፅ ነው ብለው አልተቀበሉትም ነበር።

ኮራል ሆና ከተገኘች ድንጋዩን አታንቀሳቅሺው። ጨዋማነቱ 35 ግራም በኪሎ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ይሁን። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ አለመዋዠቁ ነው የሚጠቅማት።

ለጓደኛሽ ግን ይህን ንገሪው። ያልታወቀ ነገር የበቀለበትን ላይቭ ሮክ በብሩሽ መፈግፈግም፣ በፈላ ውኃ መቀቀልም ቀልድ አይደለም። የልብስ ቁልፍ መስለው የሚበቅሉ ዞአንቲድ የሚባሉ የኮራል ዘመዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። በእንፋሎቱ የታመሙ ሰዎች አሉ። ድንጋዩን ስትነኪ ጓንት ይኑርሽ።

ፎቶ ከላክሽልኝ በነጭ መብራት አንሺው። በሰማያዊ መብራት ያልሆነውም ሁሉ ኮራል ይመስላል።