«ጋሼ፣ ካራቫን ጎትቼ ብቻዬን ልሂድ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓምድዎን ሳላነብ አልፌ አላውቅም። የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ልጆቼ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ወፍ ማየት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን አነስ ያለ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ገዝቻለሁ፤ ለሦስት ሳምንት ብቻዬን ልወጣ ነው። በቀን 400 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ 12 ቦታ ለማዳረስ አቅጃለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን? ያውም ተሳቢ እየጎተተች?» እያሉ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። እውነት ያን ያህል አደገኛ ነው?
ቆራጧ (ትንሽ የፈራች)

መልስ፦ ቆራጧ እህቴ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። 27 ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ካራቫን ገዛሁና «ይሄማ ለእኔ መጫወቻ ነው» አልኩ። በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር ደርሼ ካራቫኑን ከመኪናው ማያያዣ፣ ከጋንቾው ፈታሁት። ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። ከጎኑ እየሮጥኩ በእጄ ልይዘው ሞከርኩ! ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆመልኝ። ጎማው ሥር ማገጃ ታኮ አላደረግሁም፣ የእጅ ፍሬኑንም አልሳብኩም ነበር። ለምን? 27 ዓመት ሙሉ ታኮ የሚያደርገው ረዳቴ ነዋ። እኔ ከጋቢና የምወርደው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰው አላየኝም። ሁለት ቁራዎች ግን አይተዋል፣ እነሱም ዝም አላሉም።

ብቻ የመሄድ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ረዳት የለሽም። «ያንን አድርገሻል?» የሚልሽ የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው። ስትፈቺ፦ የእጅ ፍሬን፣ ታኮ፣ የፊት እግሩን ማውረድ፣ የመብራቱን ገመድ መንቀል፣ ከዚያ ብቻ ጋንቾውን ማላቀቅ። ስታያይዢ ደግሞ ጋንቾው መቆለፉን፣ የደህንነት ገመዱ መግባቱን፣ መብራቶቹ መሥራታቸውን እይ። የፍሬን መብራት ብቻዬን የማየው እንዲህ ነው፦ ዱላ ከወንበሩ ጋር አስደግፌ ፔዳሉን እረግጥበትና ዞሬ ከኋላ አያለሁ። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል።

ጭነት ላይ አትቀልጂ። ከባዱን ዕቃ ከወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ አድርጊው። ከኋላ የከበደ ካራቫን ፍጥነት ስትጨምሪ እንደ ዓሣ ጅራቱን ይወዘውዛል። በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ከሙሉ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ የመኪናሽና የጋንቾው መመሪያ ከሚፈቅደው ግን አይለፍ። መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን ላይ አትውጪበት፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አታዙሪ። እግርሽን ከነዳጅ መስጫው አንሺ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ራሱ ይረጋል።

ወደ ኋላ መንዳትን ደግሞ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ተለማመጂው። እጅሽን መሪው ታች፣ ስድስት ሰዓት ላይ አድርጊ። ካራቫኑ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግሽ እጅሽን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ። ስፖኪዮ ውስጥ ያላየሽውን ነገር ወርደሽ እይው። አሥር ጊዜ ብትወርጂ ማን ይታዘብሻል?

አሁን ወደምጣላሽ ነገር ልምጣ። በቀን 400 ኪሎ ሜትር! 12 ቦታ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለሁለት ቢሆን አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያያል። አንቺ ግን ብቻሽን ነሽ። ከመንገድ ዳር ንስር አይተሽ ዓይንሽን ለሦስት ሰከንድ ብታነሺ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላሽ አለ። በዚያ ላይ ተራራና ጠመዝማዛ ሲኖር 400ው ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደክመሽ ትደርሻለሽ፣ ጀርባሽን እያሸሽ ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ ወፍ የለም። በሁለቱም ትርጉም።

እኔ ብሆን 12ቱን አራት አደርጋቸዋለሁ። በአንድ ቦታ አምስት ቀን። ከቦታ ቦታ ስትሄጂ ቀትር ላይ ተጓዢ፣ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ወፎች ራሳቸው ጥላ ይዘው ያርፋሉ። ወፍ ሲንጫጫ ግን ተነስተሽ መቀመጫሽ ላይ መገኘት አለብሽ። ለንስርና ለጥንብ አንሳ ብቻ መቸኮል የለብሽም፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪነሳ፣ እስከ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ ይጠብቃሉ። ያንን አየር ተሳፍረው ነው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚወጡት።

መኪናሽ ራሱ መደበቂያሽ ነው። ወፍ ከቆመ መኪና ይልቅ ሁለት እግር ያለው ቁመትን ይፈራል። ሞተሩን አጥፊ፣ መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አድርጊ፣ ፎጣ አጥፈሽ መስታወቱ ላይ አንጥፊና ባይኖኩላርሽን (አቅርቦ ማሳያ መነጽርሽን) አስደግፊበት። አንድ ጊዜ ሸምበቆ ዳር እንደዚያ ተቀምጬ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ውሃና ዝንብ ብቻ አየሁ። በሁለተኛው ሰዓት ሰማያዊ ጀርባ ያላት ዓሣ አጥማጅ ወፍ ስፖኪዮዬ ላይ መጥታ ቆመች። በጣም ስለቀረበች ባይኖኩላሩ አያሳያትም ነበር። ትንፋሼን ይዤ በባዶ ዓይኔ አየኋት። ዓሣዋን ስፖኪዮው ላይ ደጋግማ ቀጥቅጣ ዋጠች። ቅርፊቱን ለሁለት ቀን አልጠረግሁትም።

ስለ ደህንነት፦ የምታምኚው አንድ ሰው መንገድሽን ይወቅ፤ ማታ ማታ በተቀጠረ ሰዓት «ደህና ነኝ» በይው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሺ። መኪናሽን ፊቷን ወደ መውጫው አዙረሽ አቁሚ። ያለሽበትን ቦታ ከዚያ ሳትወጪ ለዓለም አትለጥፊ። ልብሽ ካልወደደው ለማንም ሳታስረጂ ሂጂ። ከሰው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሰል ወይም ጋዝ ሲነድ የሚወጣው መርዛማ አየር ነው። ሽታ የለውም፣ ተኝተሽ ይወስድሻል። የካራቫኑን የአየር መግቢያ በብርድ ሰበብ አትድፈኚ፣ ከሰል ውስጥ አታስገቢ፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ግዢ። ይሄ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ለቤተሰቦችሽ ደግሞ ኩኩ የምትባለውን ወፍ ታሪክ ንገሪያቸው። ኩኩ እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቱ ወላጆቹን አያውቃቸውም፤ እሱ ለጉዞ ሳይደርስ ቀድመው ይሰደዳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ብቻውን ተነስቶ፣ መንገድ ሳይጠይቅ ከአውሮፓ አፍሪካ ይገባል። አንቺ ቢያንስ ካርታ አለሽ።

ጥያቄ፦ ለመንገዴ ብዬ 20 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ገዛሁ። የማየው ግን የሚንቀጠቀጥ ነገር ብቻ ነው። እጄ ነው ወይስ ዕቃው?
እጄ ሰነፍ

መልስ፦ እጅህ ምንም አልሆነ። 20 እጥፍ ሲያቀርብ መንቀጥቀጥህንም 20 እጥፍ ያደርገዋል። ለወፍ 8 በ42 የተጻፈበት ይበቃሃል። 8ቱ የሚያቀርበው ነው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 42ን ለ8 ብታካፍል 5 ከሩብ ገደማ ይመጣል፤ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ማለት ነው። ያንተ 20 በ50 ከሆነ 2 ተኩል ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ጎህ ሲቀድ ይጨልምብሃል። በዚያ ላይ የሚያየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወፏን እስክታገኛት በርራለች።

ወፏን ካገኘሃት ደግሞ ቀለሟን ለመጨረሻ አቆየው፤ ብርሃን ቀለም ላይ ይዋሻል። ከድንቢጥ ትበልጣለች? ከእርግብስ ታንሳለች? ምንቃሯ ወፍራም ነው ቀጭን? ጅራቷን ታወዛውዛለች? መሬት ላይ ነች ወይስ ቅጠል ውስጥ? እሱን ጻፍና ከዚያ መጽሐፉን ክፈት።

ባለ 20ውን አትሽጠው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስረህ ማታ ካራቫኑ በር ላይ አቁመው። የጨረቃን ጉድጓዶች ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል።