ሥዕሉም ማስተማሩም፦ ከአንዲት የግራፊክ ዲዛይን መምህርት ጋር ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ እንደተባባልነው ዛሬ ማታ "እንጨትና ቀለም" ጥያቄያችሁን ይመልሱልናል። የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ይሠራሉ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ግራፊክ ዲዛይን አስተምረዋል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

እንጨትና ቀለም፦ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ፊደል፣ ስለ ኅትመትና ስለ ጊዜ ጠይቁኝ። ስለ ላፕቶፕ የሚጠይቅ ካለ ከአሁኑ ይተወው።

ማሂ፦ እትዬ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍል ያለኝ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነፃ ነኝ። ግን ሸራ ፊት ስቆም ምንም አይመጣልኝም። ሰንፌ ነው?

እንጨትና ቀለም፦ አልሰነፍሽም። ሰው ሁሉ ማስተማር ጊዜ ይበላል ይላል። ጊዜ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት። ማስተማር የሚበላው ዓይንን ነው። ቀኑን ሙሉ የአርባ ልጅ ፖስተር ስታርሚ ትውያለሽ፤ ይሄ ጠቧል፣ ይሄ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ይሄ ከሩቅ አይነበብም። ቤትሽ ስትገቢ ያ አራሚ ዓይን አብሮሽ ይገባል። ገና አንድ መስመር ሳታሰምሪ ማረም ትጀምሪያለሽ። የእኔ የመጀመሪያ አራት ዓመት እንደዚያ ነው ያለቀው። ግማሽ ላይ የቀሩ ብሎኮች (ለኅትመት የሚቀረጹ እንጨቶች) አሁንም አልጋ ሥር አሉ።

ያዳነኝ ሰዓቱን መገልበጥ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል የራሴን እሠራለሁ፣ ከዚያ ወደ ክፍል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ብዙ አይደለም፤ ግን በዚያ ሰዓት የማንንም ስህተት አላየሁም። ማታ ሥዕል አልሥልም፤ መቅረጫዬን እስላለሁ። ወረቀት እቆርጣለሁ፣ የታተመውን እቆጥራለሁ፣ ቁጥርና ፊርማ አደርጋለሁ። እጅ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ለማታ ነው። እርማቱን ደግሞ በየቀኑ አትቆንጥሪው፤ አንድ ከሰዓት ላይ ሰብስበሽ ጨርሺው። ነፃ የምትያቸው ሁለት ቀኖች እኮ ነፃ አይደሉም፣ ያላረምሽው ሥራ ቦርሳሽ ውስጥ ተቀምጦ እያየሽ ነው።

ብዕረኛው፦ ይቅርታ፣ ልጅ ላላት እናት ግን "ከንጋቱ 12 ሰዓት" የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴም አስተማሪ ናት፣ ያ ሰዓት የቁርስና የዩኒፎርም ሰዓት ነው።

እንጨትና ቀለም፦ ልክ ነህ። ልጄ ትንሽ ሳለች የእኔ ሰዓት የምሳ ሰዓት ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ። የዚያን ዘመን ሥራዎቼ ሁሉ መዳፍ ያክላሉ፤ ከመዳፍ የሚበልጥ እንጨት ከቦርሳ ጋር አይያዝም ነበራ። ቁም ነገሩ ከክፍል በፊት ወይም በክፍሎች መካከል መሆኑ ነው። ከክፍል በኋላ አይሆንም። በነገራችን ላይ ዩኒፎርሙን አንተ ብታለብሳቸውስ?

ብዕረኛው፦ ተመታሁ።

አዲስ ገቢ፦ ለግራፊክ ዲዛይን የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

እንጨትና ቀለም፦ የሚበራው።

የጉለሌው፦ እኔ "ግራፊክስ" ነው የተመረቅኩት፣ የተማርኩት ግን ኅትመት ነው፤ ሊኖ (እንደ እንጨት የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ)፣ እንጨት፣ ኢቺንግ (በአሲድ የተበላ ብረት ላይ የሚታተም)። አሁን አንድ ኮሌጅ ግራፊክ ዲዛይን እንዳስተምር ጠይቆኛል። ልግባበት?

እንጨትና ቀለም፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኛ አገር "ግራፊክስ" የሚለው ቃል ሁለት ሙያ ተሸክሟል። አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግቢ የወጣ ሰው ግራፊክስ ሲል ፕሬስ፣ ሮለርና ቀለም ይታየዋል። ማተሚያ ቤት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ልጅ ይታየዋል። ቀጣሪዎችህም ልዩነቱን ላያውቁት ይችላሉ፤ አስረዳቸው።

ግን ግባበት። ፊደልን እንደ ኅታሚ የሚያውቀው የለም፣ ምክንያቱም ኅታሚ ፊደልን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው። አንድ ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼን አንዳንድ ቃል በእንጨት እንዲቀርጹ አዘዝኩ። አንዱ ልጅ "ሳባ" ብሎ ቀረጸ። ያማረ ቅርጽ ነው፣ እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ጠርዙ የጠራ። መገልበጡን ግን ረሳው። ቀለም ቀባ፣ ወረቀት አለበሰ፣ በማንኪያ ጀርባ አሸት አሸት አድርጎ ሲያነሳው ምን ወጣ? "ቦሶ"።

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ያን ቀን ትምህርቱን አቆምኩና ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በ"ቦሶ" ላይ አዋልኩት። እስቲ አስቡት፤ ባ ማለት ቀኝ እግሩ የረዘመ በ ነው፣ ቦ ማለት ግራ እግሩ የረዘመ በ ነው። ሳ እና ሶም እንደዚያው። በመስታወት አንዱ ሌላው ነው። ስንት ዓመት ስናነብ ኖረን ይህን ያየን ስንቶቻችን ነን? ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውም ተማሪዬ ኮምፒዩተር ከመንካቱ በፊት አንድ ቃል በእንጨት ወይም በሊኖ ይቀርጻል። እግር ምን እንደሆነ፣ ቀለበት ምን እንደሆነ፣ ውፍረቱ የመቃ ብዕር ጠርዝ የተወው አሻራ መሆኑን እጁ ይወቀው። ያን ያወቀ ልጅ ፊደል አይጎትትም። ፊደል አትጎትቱ! ባነሩ ረዘመ ተብሎ ፊደል በኮምፒዩተር ማውስ ይዞ ወደ ጎን መለጠጥ ግፍ ነው። ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው እንዳለ ይቀራል፣ ፊደሉ ከመኪና ሥር የወጣ ይመስላል።

ይገዙ ብሥራትን አስታውሱ። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት በዚያው ትምህርት ቤት የፊደል አጣጣል ያስተማሩ፣ የራሳቸውንም ሥዕል ከፊደል የሠሩ ሰው ናቸው። ማስተማሩና ሥዕሉ የተለያየ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ አልነበሩም።

ሮቤል ፒክስል፦ ከአክብሮት ጋር፣ ይሄ ናፍቆት ነው። ፎንት ሞልቷል። ደንበኛ በሁለት ሰዓት ነው ፖስተር የሚፈልገው፣ እንጨት የሚጠርብ የለም።

የጉለሌው፦ የትኛው ፎንት ነው የሞላው? ሁሉም ሰው ያችኑ አንዷን ፓወር ግዕዝ አይደል የሚጠቀመው።

ሮቤል ፒክስል፦ ፓወር ግዕዝ ምን አለው? ያሳደገን እሱ ነው። ማተሚያ ቤቶቹም እሱን ነው የሚያውቁት።

ካሳንቺስ፦ ያ "ያሳደገን" የምትለው የድሮው ፓወር ግዕዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ስለተቀመጠ እኮ ነው ፋይል ሲላክ በሌላ ኮምፒዩተር ጉድ ሆኖ የሚከፈተው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያነቡ የሚያደርገው መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፊደል ይዟል። ሃያ አምስት ዓመት ምን እንጠብቃለን?

ሮቤል ፒክስል፦ የዩኒኮዱም ፓወር ግዕዝ አለ፣ ሳታጣራ አትናገር።

ካሳንቺስ፦ አለ፣ አንተ ግን የምትልክልኝ የድሮውን ነው። ባለፈው የላክኸውን መጽሔት ሙሉ ሌሊት ነው እንደገና የጻፍኩት!

ሮቤል ፒክስል፦ እሱን እዚህ ማምጣት ምን ይባላል?

እንጨትና ቀለም፦ ሁለታችሁም ሂሳባችሁን ውጭ ጨርሱ። ካሳንቺስ ልክ ነው፣ ተማሪ በዩኒኮድ ብቻ ይሥራ። ሮቤል፣ በሁለት ሰዓት ፖስተር የሚያደርስ ልጅ አንድ ጊዜ እንጨት የጠረበ ቢሆን በአንድ ሰዓት ተኩል ያደርሰዋል፤ ምኑ እንደተበላሸ ቶሎ ያያላ።

አቤል ዘ ሜክሲኮ፦ ጊዜዎን እንዴት ነው የሚያብቃቁት? ሥዕልና ማስተማር አይጋጭም?

እንጨትና ቀለም፦ ማሂ ጠይቃለች። ወደ ላይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አሜሪካ ነኝ፣ በግራፊክ ዲዛይነርነት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እሥላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ብፈልግ ዶክትሬት ግድ ነው?

እንጨትና ቀለም፦ እዚያ ለስቱዲዮ ትምህርት ኤም.ኤፍ.ኤ. (የሥነ ጥበብ ማስተርስ) የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለ ቅጥሩ ከዚያው ካሉት ጠይቂ፤ በተለይ በኮርስ ብቻ የሚከፈለው ቅጥር ስንት እንደሚያወጣ ሳትጠይቂ ሥራሽን እንዳትለቂ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆንሽ ግን ዋሽንግተን አጠገብሽ ናት፣ እዚያ ትልቅ ታሪክ አለ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን አዲስ አበባ ካስተማረ በኋላ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ማስተርሱን ያገኘው ከዚያው ነው፤ ሥዕሉን ደግሞ እዩት፣ ፊደል እየፈረሰ እየተሠራ ነው። እዚያው ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ እስክንድር ከአርቲስት ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራም አለ። ሄደሽ ተመልከቺው፣ ከዚያ ጥያቄሽን ይዘሽ ነይ።

ዮዲት ቢ፦ የስቱዲዮ ሥራዬና የማስተምረው ነገር መገናኘት አለባቸው? እኔ የምሥለው መልክዓ ምድር ነው፣ የማስተምረው የማሸጊያ ዲዛይን። ሁለት ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

እንጨትና ቀለም፦ ጥሩ ጥያቄ። ርዕሱ መገናኘት የለበትም፣ ጥያቄው ግን አንድ ቢሆን ትገላገያለሽ። ሠዓሊውንና መምህሩን ጆሴፍ አልበርስን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1958 የል ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ክፍሉን መርቷል። በዚያው በ1950 ካሬ ውስጥ ካሬ መሥራት ጀመረና በ1976 እስኪሞት አላቆመም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ባለቀለም ወረቀት እያስቆረጠ አንድ ቀለም ከጎረቤቱ የተነሣ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያቸዋል፤ ስቱዲዮው ውስጥ ያንኑ በቀለም ይጠይቃል፣ ከቱቦው አውጥቶ በቢላዋ እየቀባ። ከጀርባው ላይ ደግሞ የተጠቀመበትን ቀለም ስምና የአምራቹን ስም ይጽፋል፣ እንደ ባለሱቅ ደብተር። ክፍሉና ስቱዲዮው አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

የእኔ ጥያቄ የኃምስ ቀለበት ነው። "ቤት" ብለሽ በትንሹ አትሚ፤ የቤ ቀለበት ቀለም ሲሞላው "ቢት" ሆኖ ያርፈዋል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን በስንት መጠን ሲያንስ እንደሚደፈን አስለካቸዋለሁ፣ እንዳይደፈን ምን መደረግ እንዳለበት እናያለን። ጠዋት በስቱዲዮዬ ግን ሆን ብዬ እደፍነዋለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራሁት ሁሉ ቀለበታቸው የተደፈነ ቤቶች ናቸው። አንቺም ጋራው በጨርቅ ቢሸፈን ምን ይታያል ብለሽ ጠይቂ፤ ማሸጊያ ማለት ያ አይደል?

ዮዲት ቢ፦ ይሄን አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ።

የማተሚያው ልጅ፦ ደንበኞቼ የሚያዙኝን ሎጎ ለተማሪዎቼ አሳይመንት አድርጌ ብሰጥስ? እነሱም ይለማመዳሉ፣ እኔም ለሥዕል ጊዜ አገኛለሁ።

እንጨትና ቀለም፦ አታድርገው። አንድ የማውቀው መምህር እንዲህ አድርጎ ነበር። የአንዷን ተማሪ ሎጎ ትንሽ አስተካክሎ ለደንበኛው ሸጠው። ልጅቷ ከዓመት በኋላ በታክሲ ስታልፍ ሥራዋን ሕንፃ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ክፍል ውስጥ ለማንም "ራስህ ሥራው" ማለት አልቻለም። የደንበኛ ሥራ በክፍል የምታስገባ ከሆነ በጽሑፍ ውል፣ የተማሪው ስም ተጽፎ፣ ክፍያውም ለተማሪው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብብ፤ ራስህም ተቀጥረህ የምትሠራው ሥራ የማን እንደሚሆን ውልህ ላይ ካልተጻፈ ሚዛኑ ወደ አሠሪህ ነው የሚያጋድለው። በተማሪ ሥራ ላይ ብሩሽም አታንሳ፤ ማሳየት ካለብህ ሌላ ወረቀት ላይ አሳየው።

አቤል ዘ ሜክሲኮ፦ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘመን ዲዛይን ማስተማር ትርጉም አለው?

እንጨትና ቀለም፦ "ሳባ" ብለህ እዘዘውና የወጣልህን ፊደል ተመልከት። ከዚያ ንገረኝ።

ሰላም 21፦ ጎበዝ አርቲስት ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

እንጨትና ቀለም፦ የተለየ ጥያቄ።

ሰላም 21፦ እሺ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል ማጉላት ስፈልግ አዘንብዬ ልጻፈው?

እንጨትና ቀለም፦ ይኸውልሽ፣ ይሄ ጥያቄ ነው! አታዘንብዪው። የእኛ ፊደል ያዘነበለ ወንድም የለውም፤ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ዝም ብሎ መግፋት ነው፣ እንደ ጠማማ አጥር። ብራና ጸሐፊዎቹ ማጉላት ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ቀይ ቀለም አነሡ። የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳኑን ስም፣ የምዕራፉን መነሻ በቀይ። አንቺም ቀለም ቀይሪ፣ ወይም እውነተኛ ወፍራም ያለው ፎንት ምረጪ። አታዘንብዪ፣ አትጎትቺ።

አዲስ ገቢ፦ 8 ጂቢ ራም ይበቃል ወይስ 16?

ካሳንቺስ፦ ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እዚህ ትገደላለህ።

ጥበቡ ኅትመት፦ መምህርት፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። "ቦሶ" እኔ ነኝ። አሁን አዳማ አስተምራለሁ፣ የግራፊክ ዲዛይን አንደኛ ዓመት። ባለፈው ሳምንት ሊኖ አስቀረጽኳቸው፣ ሦስቱ ሳይገለብጡ ቀረጹ።

እንጨትና ቀለም፦ አንተ! ብሎክህ እኔ ጋ አለ እኮ፣ መደርደሪያው ላይ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እንዳትመጣ፣ እየሠራሁ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ መጥተህ ውሰደው፣ ለልጆቹ አሳያቸው።