የይለፍ ቃሉ በግልጽ የሚነበበው የት የት ነው? ለአንድ የክላውድ ሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በቴራፎርም (የክላውድ መሠረተ ልማትን በኮድ በሚዘረጋ መሣሪያ) የተዘረጋና በአማዞን ላምዳ (ሰርቨር ሳያስተዳድሩ ኮድ በሚያሠሩበት አገልግሎት) ላይ የሚሠራ ፕሮጀክትዎን ይዘው ለክላውድ መሐንዲስነት ሲወዳደሩ፣ «የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ «በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ፣ በኬኤምኤስ ቁልፍ ኢንክሪፕት ተደርጎ» (ማለትም ለፕሮግራሙ ከውጭ በሚሰጥ እሴት ውስጥ፣ በአማዞን የቁልፍ ማስተዳደሪያ አገልግሎት ቁልፍ ተመስጥሮ) ብለው እንደመለሱ፣ «በስቴት ፋይሉ ውስጥስ?» (ቴራፎርም የዘረጋውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል ማለቱ ነው) የሚለው ተከታይ ጥያቄ ግን መልስ እንዳሳጣዎት ጽፈውልኛል። ሌላ ሰርተፍኬት ለመያዝ ልመዝገብ ወይ ላሉት፣ ምክሬ ለጊዜው ይቆይ የሚል ነው። የጎደለዎት አንድን ምስጢር ከተጻፈበት ቦታ አንሥቶ ሥራ ላይ እስከሚውልበት ድረስ እግር በእግር የመከተል ልምድ ነው፤ ይህንንም ያው የያዙት ፕሮጀክት ያስተምርዎታል።

የሰጡት መልስ ስህተት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር። ላምዳ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን ሲያስቀምጥ ሁልጊዜ ኢንክሪፕት ያደርጋል፤ የራስዎን ቁልፍ ባይሰጡት እንኳ አማዞን በሚያስተዳድረው ቁልፍ ይጠቀማል። ይሁን እንጂ ፋንክሽኑ (ላምዳ የሚያሠራው ኮድዎ) ሲነሣ እሴቶቹ ተፈትተው ይቀርቡለታል፤ የፋንክሽኑን ውቅር የማየትና በቁልፉ የመፍታት ፈቃድ ያለው ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ያነባቸዋል። የራስን ቁልፍ የመጠቀም ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መፍታት የሚችለውን ሰው በቁልፉ ፖሊሲ ለይተው መወሰን ይችላሉ፣ ቁልፉ ሥራ ላይ የዋለባቸው ጥያቄዎችም በክላውድትሬል፣ በአማዞን የክንውን መዝገብ፣ ይመዘገባሉ።

አሁን የፕሮጀክትዎን ስቴት ፋይል ይክፈቱና የይለፍ ቃልዎን ይፈልጉበት። የላምዳው ፋንክሽን በተመዘገበበት ክፍል፣ ከቫሪያብሉ ስም ቀጥሎ፣ በትምህርተ ጥቅስ መካከል አንድ ፊደል ሳይጎድለው ተቀምጦ ያገኙታል። ቫሪያብሉን «ሴንሲቲቭ» ብለው ምልክት ማድረግዎ በተርሚናሉ ላይ እንዳይታይ ከለከለው እንጂ በፋይሉ ውስጥ ከመጻፍ አላገደውም። ቃለ መጠይቅ ያደረገልዎት ሰው ሊደርስበት የፈለገው ይህንኑ ነበር። ብዙ ጎበዝ ተወዳዳሪዎች በዚህ ቦታ ሲቸገሩ ማየቴ ያሳዝነኛል፤ ፋይሉን አንድ ጊዜ ከፍቶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይረሳውምና።

መፍትሔው የይለፍ ቃሉን ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉ አውጥቶ በሲክሬትስ ማናጀር ወይም በፓራሜትር ስቶር (ምስጢር በሚቀመጥባቸው የአማዞን አገልግሎቶች) ማስቀመጥ፣ በቫሪያብሉ ውስጥም የምስጢሩን ስም ብቻ መተው ነው። ፋንክሽኑ ሲነሣ በስሙ ጠርቶ ይወስደዋል፤ የፋንክሽኑ ሮልም (ፋንክሽኑ የሚሠራበት የፈቃድ ማንነት) ያንን አንድ ምስጢር ብቻ እንዲያነብ ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛ ወጥመድ አለ። የምስጢሩን እሴት ራሱ በቴራፎርም ከጻፉት፣ ወይም በዳታ ሶርስ (ቴራፎርም ቀድሞ ያለን ነገር በሚያነብበት መንገድ) በኩል ካነበቡት፣ ተመልሶ ስቴት ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቴራፎርም የምስጢሩን ማኅደር ብቻ ይፍጠር፣ እሴቱም በሌላ መንገድ ይግባ፤ አለዚያም በ2025 በወጣው የቴራፎርም 1.11 እትም የተጨመሩትንና በስቴት ፋይል የማይመዘገቡትን «ራይት ኦንሊ» አርጉመንቶች ይጠቀሙ። ከቴራፎርም ተቀድቶ የወጣው ክፍት ምንጭ መሣሪያ ኦፕንቶፉ ከ1.7 እትሙ ጀምሮ ስቴት ፋይሉን ራሱን ኢንክሪፕት ማድረግ ይችላል፤ ይህንን ማወቅዎ በቃለ መጠይቅ ይጠቅምዎታል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ስቴት ፋይሉ ኢንክሪፕት በሚደረግና ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚደርሱበት የርቀት ማከማቻ ይቀመጥ።

ጥሩ ጠያቂ ከዚህም አልፎ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ይጠይቅዎታል። ምስጢሩን በየጥሪው ማምጣት ጊዜም ገንዘብም ስለሚያባክን ብዙዎች ከሃንድለሩ (በየጥሪው ከሚሠራው የኮድ ክፍል) ውጭ አንድ ጊዜ አምጥተው በሜሞሪ ይይዙታል፤ ልክ ነው። ሆኖም ያ የፋንክሽን ቅጂ ሳይዘጋ የይለፍ ቃሉ ቢቀየር፣ አሮጌውን ይዞ ዳታቤዙን ማንኳኳቱን ይቀጥላል። ዳታቤዙ ሲከለክለው ምስጢሩን እንደገና አምጥቶ አንድ ጊዜ የሚሞክር ኮድ ይጨምሩ፤ ከዚያም የይለፍ ቃሉን እያወቁ ቀይረው ፋንክሽኑ ሳይቋረጥ መቀጠሉን በሎጉ ላይ ይመልከቱ። ሙከራውን በእጅዎ ከሠሩት፣ ሲጠየቁ የሸመደዱትን ሳይሆን ያዩትን ይናገራሉ።

ፕሮጀክቱን ለሰው ከማሳየትዎ በፊት የጊት ታሪኩን (የኮዱን ለውጦች ሁሉ የያዘውን መዝገብ) ይመርምሩ። የይለፍ ቃሉ በአንድ አሮጌ ኮሚት (በተመዘገበ የለውጥ ቅጂ) ውስጥ ከተገኘ፣ ፋይሉን ዛሬ መሰረዝ ከታሪኩ ስለማያወጣው የይለፍ ቃሉን ራሱን ወዲያው ይቀይሩ።

ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱን መግለጫ በአንድ ገጽ እንደገና ይጻፉ፤ ምስጢሩ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፣ በእያንዳንዱም ማን ሊያነበው እንደሚችል ይግለጹ። የመጀመሪያው ንድፍዎ ምን እንደጎደለውና ለምን እንደቀየሩት አይደብቁ፤ አዲስ ሠራተኛ የሚቀጥሩ መሐንዲሶች ስህተቱን ራሱ አግኝቶ ያረመን ሰው ይፈልጋሉ። በሲቪዎ ላይም «ቴራፎርም አውቃለሁ» የሚለውን ትተው፣ ምስጢሮችን ከስቴት ፋይል ያወጣ ንድፍ መሥራትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ይህ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢወስድብዎት ነው። ሲጨርሱ ለዚያው ጠያቂ አጭር መልእክት ጽፈው የታረመውን ፕሮጀክት ይላኩለት፤ ጥያቄው የት እንዳደረሰዎትም ይንገሩት።