ልጅሽን ፎርሙላ ፎር ከማስገባትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አራት ዓመት ካርቲንግ ነድቷል። አንድ ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት የብሪታንያ ፎርሙላ ፎር እናስገባው ብሎናል። ቤታችንን አስይዘን ተበድረን እንግባበት ወይ?» ነው ያልሽው። ለማያውቀው ሰው፣ ፎርሙላ ፎር ማለት ልጆች ከካርት (ከትንሿ ክፍት የውድድር መኪና) ወጥተው የሚገቡበት፣ ወደ ፎርሙላ ዋን የሚወስደው የባለ አንድ መቀመጫ መኪና ውድድር የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ከስር የተሰጡሽን መልሶችም አየኋቸው። አብዛኛው «የልጅሽን ሕልም አትዝጊበት» የሚል ነው። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

አዲስ አበባ እያለሁ መካኒክ ነበርኩ። እንግሊዝ ከመጣሁ በኋላ ጥቂት ዓመት ጋራዥ ሠራሁ። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ የፎርሙላ ፎር ቡድን ለጎማና ለዕቃ ጭነት ሰው ሲፈልግ ተቀጠርኩ። በኛ አነጋገር ጎሚስታ ማለት ነው። ኤፕሪል ላይ ዶኒንግተን ፓርክ በሚባለው የውድድር መንገድ ጀምረን ኦክቶበር ላይ ብራንድስ ሃች ጨረስን።

ቁርጡን ላስቀድምልሽ። የዓመቱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እጃችሁ ላይ ከሌለ አትጀምሩ። በቤት ብድር ደግሞ ፈጽሞ አትግቡበት። ልጁ ፈጣን ስላልሆነ አይደለም። ፈጣን ሊሆን ይችላል። ግን ግማሽ ዓመት ነድቶ ማቆም ጭራሽ ካለመጀመር የከፋ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መኪናው ለሁሉም አንድ ነው ብለውሻል መሰለኝ። እውነት ነው። ከ2022 ጀምሮ ሁሉም የሚነዳው ጣሊያን አገር የሚሠራውን ታቱስ ነው። ሞተሩ 1.4 ሊትር ቱርቦ አባርት ሲሆን ወደ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ካምቢዮው ስድስት ማርሽ ነው፤ የሚቀየረው መሪው ላይ ባሉ መቅዘፊያዎች ነው። ሞተሩ የታሸገ ነው፣ ማንም ከፍቶ አይነካካውም። ስለዚህ ልዩነቱ የሚመጣው ከመኪናው ሳይሆን ልጁ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠበት ቀን ብዛት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። እኔ በሠራሁበት በ2022 ዓመቱ አሥር ቅዳሜና እሑድ ነበር። በእያንዳንዱ ሦስት ውድድር ነበረ፣ በድምሩ 30። አንዱ ውድድር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትከፍሉበት እሽቅድምድም ሲደመር አሥር ሰዓት አካባቢ ነው ማለት ነው። በአሥር ሰዓት ማንም መኪና አይለምድም። ልጆቹ የሚማሩት በመሀል ባሉት የሙከራ ቀናት ነው። እያንዳንዱ የሙከራ ቀን ደግሞ የራሱ ክፍያ አለው፦ የመንገዱ፣ የጎማው፣ የኢንጂነሩ፣ የነዳጁ። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ገና ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ፣ ልጆቻቸውን ዱባይና አቡ ዳቢ ወስደው የመካከለኛው ምሥራቅ ፎርሙላ ፎርን (እስከ 2024 የኤምሬትስ ፎርሙላ ፎር ይባል የነበረውን) ያስነዷቸዋል። ኤፕሪል ላይ ዶኒንግተን ሲደርሱ ያንቺ ልጅ የመጀመሪያውን ውድድር ሲነዳ እነሱ ብዙ ውድድር ጨርሰው ነው የሚመጡት።

ከካርት ወደዚህ መኪና መሻገር ምን ያህል እንደሚከብድ በአንድ ነገር ላሳይሽ። ማርች ላይ ስኔተርተን ሙከራ ወጥተን ነበር። ከኛ ልጆች አንዱ 16 ዓመቱ ነበር፤ ካርት ላይ ብዙ ዋንጫ የበላ ልጅ ነው። ገብቶ ቆመና «ፍሬኑ ልክ አይደለም» አለ። ሁለት መካኒኮች ተንበርክከው አዩት፣ ምንም የለውም። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን አምጥቶ የሱንና የጓደኛውን የፍሬን አረጋገጥ የሚያሳየውን መስመር አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ አሳየው። ጓደኛው ፍሬኑን ገና እንደነካ በሙሉ ኃይሉ ይረግጠዋል፣ ከዚያ ወደ ኩርባው ሲገባ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የኛ ልጅ ግን በለሆሳስ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል። አብዛኛው ካርት ፍሬን የሚይዘው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፣ ክንፍ የሚባል ነገርም የለውም። ይህ መኪና ግን በፍጥነት ላይ እያለ ነፋሱ ወደ መሬት ይጫነዋል። ስለዚህ ጠንክሮ መያዝ የሚቻለው መጀመሪያ ላይ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያ ጫና ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አጥብቀሽ ከያዝሽ ጎማው ይቆለፋል። ልጁ ስምንት ዓመት የለመደውን እግር ገልብጦ መማር ነበረበት።

ያን ቀን ሄልሜቱን ሳያወልቅ መጥቶ ጎማ የምደረድርበት ቦታ ተቀመጠ። ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ላግዝህ?» አለኝ። የጎማ ነፋስ መለኪያውን ሰጠሁት። ከመንገድ የገባ ጎማ ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት መለካት አለበት፣ ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር። እሱ እየለካ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ በቢጫ ማርከር ጎማው ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነበር። ሜይ ላይ ትራክስተን ስንደርስ ፍሬን አያያዙ ተስተካክሏል። ትራክስተን በአገሩ ፈጣኑ መንገድ ነው፣ ጎማ ይበላል። እሱ ግን ጎማውን ጠብቆ ሲጨርስ ኢንጂነሩ ራሱ ተደነቀ።

ከዚያ ኦልተን ፓርክ መጣ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከፊቱ ሁለት መኪናዎች ተጋጩ፣ እሱም መሸሻ አጥቶ ገባባቸው። እሱን ምንም አልነካውም። መኪናው ግን የፊት ክንፉ ተበጣጠሰ፣ የግራው የፊት ጎማ ተሸካሚ ዘንጎች ታጠፉ፣ አንድ ቸርኬ ተሰነጠቀ። መኪናው ተጭኖ ሲመጣ የልጁ አባት የወደቀውን ስብርባሪ ካርቦን አንድ በአንድ እያነሳ የሱፐርማርኬት ፌስታል ውስጥ ያስገባ ነበር። «ይሄ ይጣበቃል አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? አይጣበቅም።

ከከፈለው ገንዘብ ውስጥ የብልሽት ወጪ አለበት ብሎ አስቦ ነበር። ውሉ ላይ ግን ብልሽት ለብቻው እንደሚታሰብ ተጽፏል። ማን ጥፋተኛ እንደሆነም አይጠየቅም፤ የገጨም የተገጨም የራሱን ይከፍላል። ቡድኑ ሕገ ወጥ ነገር አልሠራም፣ ግን ሲፈራረሙ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው አልነበረም። በዚህ እስካሁን አዝናለሁ። ቀጣዩን ውድድር፣ ክሮፍትን፣ እንደምንም ነዱ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ስኮትላንድ፣ ኖክሂል፣ ስንሄድ የሱ መኪና ላይ የሌላ ልጅ ስም ተለጥፎ ነበር። ከ30 ውድድር 15 ነድቶ አበቃ። ሊሻሻል የጀመረው ገና ያኔ ነበር። ግማሽ ዓመት የነዳ ልጅ ውጤቱ ወረቀት ላይ ሲታይ ደካማ ይመስላል። ስፖንሰር የሚያየው ደግሞ ወረቀቱን ነው።

ብዙ ወገኖች የፎርሙላ ዋኑን ሾፌር ሉዊስ ሃሚልተንን ጠቅሰውልሻል። «አባቱ ሁለት ሦስት ሥራ እየሠራ አይደል ያሳደገው?» ብለው። እውነት ነው፣ አንቶኒ ሃሚልተን ያን ሁሉ ከፍሏል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። አባቱ በላቡ የተሸከመው የካርቱን ዘመን ነው። የፎርሙላ ዋን ቡድኑ ማክላረንና መርሴዲስ ልጁን በ1998 ከፍለው መደገፍ ጀመሩ፣ ገና 13 ዓመቱ ነበር። በ2003 ፎርሙላ ሬኖ የሚባለውን የብሪታንያ የወጣቶች የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ ከኋላው ማክላረን ነበር። የመኪናውን ዘመን አባቱ ብቻውን አልተሸከመውም፣ ሊሸከመውም አይችልም ነበር። ሌላው የፎርሙላ ዋን ሾፌር ላንዶ ኖሪስ በ2015 ይህንኑ የብሪታንያ ውድድር በመጀመሪያ ዓመቱ አሸንፏል፣ ግን ቤተሰቡ ባለሀብት ነው። 

ደግሞ ሻምፒዮን ቢሆን እንኳ መንገዱ ገና ነው። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት የሚያስፈልገው ሱፐር ላይሰንስ የሚባለው ፈቃድ 40 ነጥብ ይጠይቃል። የፎርሙላ ፎር ሻምፒዮን የሚያገኘው 12 ነው። ከዚህ በላይ ያሉት ደረጃዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከዚህኛው ይወደዳሉ።

ታዲያ ምን ይሁን? ልጁ መኪና ይንዳ ከተባለ ሌላም በር አለ። ጂኔታ ጁኒየር የሚባለው የታዳጊዎች የመኪና ውድድር ከ14 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፣ በየዓመቱም በፈተና አወዳድሮ ለአንድ ልጅ ነፃ ወንበር ይሰጣል። መኪናው ጣራ ያለው ነው፣ ባለ አንድ መቀመጫ አይደለም፤ ግን ማርሽ፣ ፍሬን፣ በዝናብ መንዳት ያስተምራል። ኖሪስም በ2014 እዚያ ነድቶ ሦስተኛ ወጥቷል። ለዚያ ነፃ ወንበር ልጅሽን ዛሬውኑ አስመዝግቢው። ባለ አንድ መቀመጫ ካልሆነ ካለ ደግሞ በ2022 የተጀመረው ጂቢ4 የሚባለው ውድድር ወጪው ከፎርሙላ ፎር ይቀንሳል። ሲሙሌተርንም፣ መንዳቱን በኮምፒውተር የሚያስመስለውን፣ አትናቂው። በ2024 የብሪታንያ ፎርሙላ ፎር ሻምፒዮን የሆነው ዲገን ፌርክላፍ መጀመሪያ ወንበር ያገኘው በሲሙሌተር ውድድር አሸንፎ ነው። በዚህ የገባ አንድ ልጅ ስለሆነ ሁሉም ይሳካለታል አልልሽም፤ ግን ቤት አያስይዝም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ገንዘቡም ሞልቶ ትገቡበታላችሁ እንበል። ቡድኑን እነዚህን ጠይቂልኝ። የሙከራ ቀናቱ ስንት ናቸው፣ ውሉ ላይ በቁጥር ተጽፈዋል ወይ? አዲስ ጎማ በሙከራ ቀን ስንት ይሰጠዋል? ያረጀ ጎማ ላይ ብቻ የሚሠለጥን ልጅ የጊዜ ማጣሪያ ላይ አዲስ ጎማ ሲገጠምለት እንዴት እንደሚይዝ አያውቅም። አንድ የፊት ክንፍ ስንት ነው፣ የዋጋ ዝርዝሩን አሁን ያሳዩሽ። ኢንጂነሩ ለልጅሽ ብቻ ነው ወይስ ለሁለት ልጅ ይከፈላል? መሀል ላይ ብታቆሙ ስንት ይመለስላችኋል? ይህን ሲጠየቁ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ከሆነ ተዪያቸው።

ትምህርቱን ደግሞ አደራ። የጂሲኤስኢ ፈተና፣ እንግሊዝ አገር ልጆች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚፈተኑት፣ ሜይና ጁን ላይ ነው። ውድድሩም የሚጧጧፈው በዚያው ሰሞን ነው። የኛው ልጅ ጭነት መኪናው ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ሲያጠና አይቻለሁ።

አደጋውን በመጨረሻ ማንሳቴ ቀላል ስለሆነ አይደለም። በ2017 ዶኒንግተን ላይ ቢሊ ሞንገር የሚባል የ17 ዓመት ልጅ የቆመ መኪና ላይ ከኋላ ገብቶ ሁለት እግሮቹን አጣ። ይህ የሆነው በዚሁ ውድድር ነው። ልጁ በዓመቱ ለእጁ በተሠራ መኪና ተመልሶ ፎርሙላ ስሪ ነድቶ ሦስተኛ ወጣ፤ ጽናቱን ሁሉም ያከብረዋል። ከ2022 ወዲህ ያሉት መኪናዎች ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ ሃሎ የሚባለው መከላከያ አላቸው፣ አፍንጫቸውና ጎናቸውም ጠንክሯል። አደጋው ቀንሷል፣ አልጠፋም። እናት ነሽና ይህን ማንም ሳይሸፍንልሽ ልታውቂው ይገባል።

ሁለት ነገር አልነገርሽንም። አንደኛ፣ ልጁ 15 የሚሞላው በየትኛው ወር ነው? ሳይሞላ አይፈቀድለትም፤ ጁን ላይ የሚሞላ ከሆነ ቡድኑ ለሙሉ ዓመት ሊያስከፍላችሁ አይገባም። ሁለተኛ፣ ቁመቱና ክብደቱ ስንት ነው? ሹፌሩና መኪናው አብረው ስለሚመዘኑ ረጅምና ከባድ ልጅ ከጅምሩ ይጎዳል። እነዚህን ጻፊልኝና ቡድኑ የሰጠሽን ውል መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።