«አገር በቀል ኤልም» ሲባል የየት አገር?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ስለ አሜሪካ ዛፎች የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «አገር በቀሉን ኤልም እንዴት እንለየው?» ብዬ ብጽፍ፣ ባልደረባዬ «ኤልም ማለት ቀውት ነው፤ ቀውት በለው» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ቀውት አይበሉት፤ ቀውት በአገራችን የሚበቅል ሌላ ዛፍ ነው። ባልደረባዎ ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ የዕፅዋት አጥኚዎች ቀውትን ለረጅም ጊዜ ከኤልም ቤተሰብ ቆጥረውት ነበር፤ ወደ ሌላ ቤተሰብ ያዛወሩት ኋላ ነው። የሁለቱም ቅጠል መያዣው ጋ ሲደርስ ግራና ቀኙ አይተካከልም፣ አንዱ ጎን ዝቅ ይላል። በዚህ ምልክት ብቻ የሚለይ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ቅጠሉን ገልብጠው ደም ሥሩን ይዩ። ቀውት ከመነሻው ሦስት ደም ሥር ያወጣል። የአሜሪካ ኤልም አንድ የመሐል ደም ሥር ብቻ አለው፤ ከሱ ግራና ቀኝ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ደም ሥሮች ይወጣሉ። ጠርዙም በትልልቁ ጥርስ ላይ ትንንሽ ጥርስ ተደርቦበታል። ርዝመቱ በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ከግንዱ ሥር ካቆጠቆጠ ለጋ ቅጠል አይለኩ፤ መጠኑም ቅርጹም ያሳስታል። የቀውት ፍሬ ድቡልቡል ነው፣ ወፍ ይለቅመዋል። የአሜሪካ ኤልም ፍሬ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ስስ ክንፍ አለው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ዳሩ ጸጉራም ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ፍሬው የሚረግፍበትን ወቅት «ጸደይ» ብለው ከመለሱት አንዱ አንባቢ መስከረምን፣ ሌላው ሚያዝያን ያስባል፤ ወሩን በስሙ ይጻፉ።

«አገር በቀል» የሚለው ቃል የበለጠ ያሳስበኛል። አገሩ ካልተጠራ አንባቢ የሚያስበው የኢትዮጵያን ነው፤ እንደ ዋንዛና ወይራ ያለውን። ኤልም ደግሞ በተፈጥሮ እዚህ አይበቅልም። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ቅጠሉ አነስ ያለ፣ ፍሬው ጸጉር የሌለው መጤው የሳይቤሪያ ኤልም ስላለ፣ የየት አገር በቀል እንደሆነ መናገር ግድ ነው።

ስሙን እንዳለ መውሰድ አያስነውርም፤ የባሕር ዳር መንገዶችን ያስዋበው ጃካራንዳም ከነስሙ የመጣ ነው። ብቻ በ«ኤ» ይጻፉት፤ «እልም» ካሉት «እልም ብሎ ጠፋ» ከሚለው ጋር ይምታታል። ርዕስዎን እንዲህ ያስተካክሉት፦ «የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ አገር በቀል የሆነውን የአሜሪካ ኤልም እንዴት እንለየው?»